የበሩ ሥር ቦታ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ባለሱቅ ሲስቅልኝ ዓይኔ ሚዛኑ ላይ ነው፤ ጎረቤቴ ሳልጠራት ከመጣች፣ ገና ሳትቀመጥ ምን ፈልጋ ይሆን እላለሁ። ልጆቼ በዚህ ይስቁብኛል። ይሳቁ! ሰው አምኜ ጉድ ከምሆን ጠርጥሬ ብሳሳት ይሻለኛል እል ነበር። እል ነበር ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ነገሩ የሆነው ቡሬ ነው። አንድ የበርበሬ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ገበሬው በርበሬውን በአህያ ጭኖ ያመጣል፣ ነጋዴው ይገዛል፣ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ሸራ ዘርግተን ዙሪያውን ተቀምጠን ጭራውን እንቀነጥሳለን። ቀዩን ለብቻ፣ ነጭ የመታውን ለብቻ፣ የሻገተውን ለብቻ እንለያለን። አሥራ ስምንት ሴቶች ነበርን። ሻሻችንን እስከ ዓይናችን ሥር ብንጠመጥመውም ብናኙ መግቢያ አያጣም። ጠዋት እናስነጥሳለን፣ ቀትር ላይ ዓይናችን ቀልቶ ለቅሶ ቤት የዋልን እንመስላለን። መስኮት የሚባል የለም፤ አየር የሚገባው በትልቁ በር ብቻ ነው። እኔ የምቀመጠው እዚያ በሩ ሥር ነበር። ለምን አንቺ ብትሉኝ፣ ነባር ስለሆንኩና ደፋር ስለሆንኩ ነው እላችሁ ነበር። ያችን ቦታ ማንም አይነካብኝም።

የመጋዘኑን ባለቤት ጋሼ ነበር የምንላቸው። ረጅም ናቸው፤ ነገር አያበዙም። ነገር የማያበዛ ሰው ደግሞ እኔን ያስፈራኛል፤ ምን እያሰበ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ደንባቸው ግን ግልጽ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት መግባት፤ አንዴ ከተገባ ያለፈቃድ ከሸራው መነሳት የለም፤ ስንወጣ ዘበኛው ነጠላችንን ያራግፋል። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ምሳ ሰዓት ይቀራል። ከጠዋት አንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳናቋርጥ እንሠራና ወጥተን ቤታችን ገብተን እህል እንቀምሳለን። ይህን ጋሼ አላመጡትም፤ እኛው ነን ለምነን ያስደረግነው። ከአሥራ ስምንት ሴት አንዲት እንኳ አልከፋትም፤ ያን ጊዜ ከጅጋ የመጣችው፣ የጅጋዋ የምንላት ልጅ፣ ገና አልገባችም ነበር።

የጅጋዋ የመጣችው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ አንዷ ትታን ሄዳ በእሷ ምትክ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጭን፣ ጉንጯ የገባ፣ ዓይኗ ትልልቅ። ባሏ ወደ ወንድሟ ቤት መልሷት፣ እሷ ደግሞ ከወንድሟ ቤት ወጥታ ቡሬ ከሁለት ሴቶች ጋር ቤት ተከራይታ ነበር የምትኖረው። "ለምን ተፋታችሁ?" ብንላት "አልተስማማንም" ብላ ዝም። "ለምን ከወንድምሽ ቤት ወጣሽ?" ብንላት "በራሴ ልደር ብዬ" ብላ ዝም። ይኸው ሌላዋ ነገር የማታበዛ!

ሳምንት ሳይሞላት ጋሼ የጓዳዋን ቁልፍ ሰጧት። ጓዳዋ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ወለሏ አፈር፣ የተሰበረ ሚዛንና ባዶ ጆንያ የሚጣልባት። እኛ ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት የሠራነው ደጃፏን ረግጠን አናውቅም። እሷ ግን ጠዋት እንደመጣች ትገባለች፣ ከውስጥ ትቆልፋለች። አምስት ሰዓት ሲሆን ማንንም ሳታስፈቅድ ከሸራው ትነሳለች፣ ትገባለች፣ ትቆያለች፣ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ትወጣለች። ስንወጣም ዘበኛው እሷን አያራግፋትም።

አንጀቴ ቅጥል አለ። እሷ ማን ስለሆነች ነው?

መጀመሪያ ጆሮ ጠቢ ናት አልን። ጊዜው አንድ ለአምስት እየተባለ ሰው በሰው የሚጠበቅበት ነበር፤ ማን ምን አለ የሚለው ሳይውል ሳያድር ቀበሌ ይደርሳል። ጓዳ ገብታ የእኛን ወሬ ትጽፋለች ብለን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ዝናብና ስለ ሽሮ ብቻ አወራን። ኋላ ፊደል እንደማትቆጥር ታወቀ። ከዚያ የጋሼ ውሽማ ናት አልን። እሱም አልሄደልንም፤ እሷ ጓዳ ስትገባ ጋሼ ዓይናችን ሥር ቆመው በርበሬ የሞላ ማዳበሪያ ያስመዝናሉ። ጥርጣሬዬ መሄጃ ሲያጣ ግን አልተወኝም፤ ባሰበት እንጂ።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ቁልፉን በሩ ላይ ረስታው ወደ ሽንት ቤት ሄደች። እኔ ምን ቆርጦኝ እቀመጣለሁ! ውኃ ልጠጣ ብዬ እንዳልነሳ ጾም ነው። ሆዴን አመመኝ ብዬ ተነሳሁና ገባሁ።

ጥግ ላይ አሸዋ ተከምሯል። አሸዋው እርጥብ ነው፤ በዚያ በበጋ! ሰው በየቀኑ ውኃ ያርከፈክፈዋል ማለት ነው። ከአሸዋው መሐል የትንሽ ማሰሮ አንገት ብቅ ብሏል፤ አፉ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። ከጎኑ መሬት ላይ ቁራጭ ጥጥ ወድቋል። ጎንበስ ብዬ ሳየው ደም ነክቶታል።

ክው አልኩ። በእኛ አገር አፉ ታስሮ የተቀበረ ማሰሮ፣ ደም የነካው ጥጥ፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መጠየቅ አያስፈልግም። መተት ነው። መስተፋቅር አሠርታ ሰውየውን በእጇ አስገብታዋለች። ለዚህ ነው ቁልፉን የሰጣት፣ ለዚህ ነው ዘበኛው የማይነካት። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በእጅ አይከፈትም፤ በከፈተው ሰው ላይ ይመጣል ይባላል። ሦስቴ አማትቤ ወጣሁ። ጨርቁን ብፈታው ኖሮ በዚያች ሰዓት ሁሉ ነገር ባለቀ ነበር።

ለሴቶቹ ስነግራቸው የማያምን አንድ ሰው አልነበረም። "አላልኳችሁም? ዓይኗ!" አለች አንዷ። "ክሳቷስ? መተት ያሠራ ሰው አይወፍርም" አለች ሌላዋ። ምን ይደረግ ተባለ። መተት ብለን ብንከስ ወረዳ ያሉት ይስቁብናል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁና ማመልከቻውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በሕግ ቋንቋ ጻፍኩት። "አሠሪያችን ሠራተኞቹን በእኩል ዓይን አያዩም፤ ለአንዲት ሠራተኛ የተለየ መብት ሰጥተው እኛን አሳንሰውናል፤ ሕጉ ደግሞ ሁሉም ሠራተኛ እኩል ነው ስለሚል ይታይልን።" ሕጉን አንብቤው አላውቅም። ግን ደጋግሜ ሳነበው አማረኝ። ስለ ማሰሮው አንዲት ቃል አልነበረበትም።

ከወረዳ የመጣው ሰው መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው። ከጋሼ ጋር ተጨባብጦ ሲገባ ተበላን፣ ቀድመው አግኝተውታል አልኩ። ሸራው ዳር አስቀምጦን ማመልከቻውን አነበበ።

"እኅቶቼ፣" አለ፣ "ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። አሠሪ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በብሔረሰብ፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ እንዲህ ባለው ነገር ሠራተኛን ከሠራተኛ መለየት አይችልም። ሁሉንም ሠራተኛ አንድ ዓይነት አድርገህ ያዝ ግን አይልም። ነፍሰ ጡርን ከባድ ዕቃ አታሸክምም። የታመመን እንደ ጤነኛው አታይም። በቂ ምክንያት ካለ ልዩነት በደል አይደለም።"

"ምክንያቱ ይነገረና!" አልኩ ተነስቼ።

ሰውየው ጋሼን አያቸው። "ምክንያት አለኝ፣" አሉ ጋሼ፣ "ግን የእኔ አይደለም፤ ልናገረው አልችልም።"

"እንግዲያው ለብቻችን ሆነን ለእኔ ይንገሩኝ፣" አላቸው ሰውየው። "ይኸም ይፈቀዳል።"

እዚህ ላይ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ዛሬም ቃሌ ጆሮዬ ላይ አለ። "በጓዳ የሚባል ነገር አሁንስ በቃን! ምክንያት ካለ እዚሁ፣ በፊታችን! ከሌለ እኩል ያድርጉን!" ሴቶቹ ሁሉ "እውነቷን ነው! እኩል!" አሉ።

ጋሼ ወደ ጅጋዋ ዞሩ። እሷ በርበሬውን እያየች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም፣ አይንገሩ። እኔ ያን ስትነቀንቅ አይቼ፣ ይኸውላችሁ ጉዱ እንዳይወጣ እየለመነችው ነው አልኩ በልቤ።

"እንግዲያው ምክንያት የለኝም፣" አሉ ጋሼ። እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ተቀበሏት። "ከነገ ጀምሮ ጓዳ የሚገባ የለም። ከአንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚነሳ የለም። ሁሉም ይፈተሻል። እኩል ካላችሁ ደግሞ መቀመጫውም በዕጣ ይሁን።"

ከወረዳ የመጣው ሰው ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም እልል አልኩ። ዕጣው ሲወጣ ለእኔ የደረሰኝ የመጨረሻው ጥግ ነው፤ ማዳበሪያ የሚራገፍበት፣ ብናኙ እንደ ጭጋግ የሚቆምበት። የጅጋዋ ከእኔ ፊት ለፊት ደረሳት። ምን ቸገረኝ፣ አሸንፌ የለ! በዚያው ዕለት ማሰሮዋን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤቷ ስትወስድ አየናት። መንገድ ለቀቅንላት፤ እንዳይነካን።

በመጀመሪያው ቀን ስስል ዋልኩ። ሳሉ ድሮም ነበረብኝ፤ በሩ ሥር ሆኜ ግን እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ማታ ደረቴን ይዤ ነው የተኛሁት። የጅጋዋም ያን ቀን እንደምንም ዋለች።

በሁለተኛው ቀን ወደ አምስት ሰዓት ግድም ቀና ስል ላብ በግንባሯ ይወርዳል። ሌሎቻችን አላላበንም። እጇ ይንቀጠቀጣል። ቀዩን በርበሬ እየለቀመች ከሻገተው ጋር ትጥላለች። "አንቺ፣ ምን እየሠራሽ ነው?" ብላት ሳቀች። ለብቻዋ ሳቀች። ከዚያ ስለ በሬ የማይገባ ነገር ተናገረች።

"አያችሁ?" አልኩ ለሴቶቹ። "ማሰሮው ከቦታው ሲነሳ መተቱ በራሷ ዞረባት!"

ቃሌን ሳልጨርስ በርበሬው ክምር ላይ በግንባሯ ተደፋች። ጩኸት ሆነ። አንዷ "ጸበል አምጡ!" ትላለች፣ አንዷ "ቄስ ጥሩ!" ትላለች፣ ሊነካት የደፈረ ግን የለም። ዓይኗ ተገልብጧል፣ ጥርሷ ገጥሟል። ጋሼ ከውጭ ሮጠው ገቡ። አንዴ አይተዋት ወደ ቢሯቸው ተመልሰው ሮጡ፤ ሲወጡ በእጃቸው ስኒ ይዘዋል፣ ውስጡ ነጭ ነገር አለ፣ በጣታቸው እያማሰሉት ነው። ተንበርክከው ወደ አፏ አስጠጉት።

እኔ ምን አየሁ? ነጭ ዱቄት በውኃ። መተቱን ሊያጠጧት! ወይ ልታጠጣቸው የነበረውን፣ ወይ ምኑን አውቄው! ዘልዬ ስኒውን በእጄ መታሁት። ሄዶ ግድግዳው ላይ ተሰበረ።

ጋሼ ሲጮኹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ስኳር ነው! ልትገያት ነው እንዴ? ስኳር በሽታ አለባት!"

እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው? እዚያ ሰው ነፍሱ እየወጣ፣ ቆሜ ጠየቅኋቸው። "ስኳር ያለበት ሰው ስኳር ይሰጠዋል?"

"መርፌዋን ተወግታ እህል ካልቀመሰች እንዲህ ይጥላታል!" አሉ። "እናቴን እንዲህ ስትሆን እያየሁ ነው ያደግሁ። ይህች ልጅ አምስት ሰዓት ላይ ጓዳ ገብታ ዳቦ ነበር የምትበላ፣ ዳቦ! የቀረኝ ስኳር ያ ብቻ ነበር።"

መርፌ። ጥጡ። ማሰሮው። መድኃኒቱ ሙቀት እንዳያበላሸው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቅበሪው ብላ ያስተማረቻት የፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ነርስ እንደሆነች የሰማሁት በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ ግን ሁሉም ነገር በአንዴ ገባኝ። እግሬ እንዴት እንደተነሳ አላውቅም። ዘበኛውን ገፍትሬ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ሱቅ ገብቼ "ስኳር!" አልኩ። ባለሱቁ ሊመዝን ሲል ከእጁ ነጠቅሁት። በሕይወቴ ሚዛን ሳላይ ዕቃ ያነሳሁት ያን ቀን ነው።

ጋሼ አፏን በግድ ከፍተው ስኳሩን በድዷ አሹት። እኔ ጭንቅላቷን ይዤ ነበር። በርበሬ የነካ እጄን ፊቷ ላይ ላለማሳረፍ በክርኔ ነው የደገፍኳት። ሳሌ መጣ፤ ጭንቅላቷ እንዳይነቃነቅ ዋጥኩት። ድንግል ማርያም፣ ይህችን ብቻ ተለመኚኝ እል ነበር። ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። ምላሷ ተንቀሳቀሰ፣ ዋጠች፣ ደግሞ ዋጠች። ዓይኗን ገለጠች።

የመጀመሪያ ቃሏ "ሰው አየኝ?" የሚል ነበር።

አሥራ ሰባት ሴቶች ዙሪያዋን ቆመናል። ከንፈሯ ላይ ስኳር አለ፣ ሰዓቱ አምስት ሰዓት ነው፣ ጾሙ ሁዳዴ ነው። ምን ብዬ ልመልስላት? "ማንም አላየሽም" አልኳት። አላመነችኝም።

ጋሼ በአይሱዙ ጭነው ፍኖተ ሰላም ወሰዷት፤ ዳነች። ወደ ቡሬ ግን አልተመለሰችም። አብረዋት የተከራዩት ሴቶች ዕቃዋን አስረው ለሾፌር ሰጡላት። እነሱም ጾም መግደፏን የሰሙት ከእኛው አፍ ነው።

እሷ በሄደች ማግስት ጋሼ ጥጉ ድረስ መጥተው "ተነሺ፣ በሩ ሥር ተቀመጪ" አሉኝ።

"ዕጣውስ?" አልኩ።

"አንቺ ሳል አለብሽ። ከገባሽበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው እዚያ ያስቀመጥኩሽ። ከአንቺ በፊት የገቡ አራት ሴቶች አሉ፤ አንዳቸውም ለወረዳ አልጻፉብኝም።"

ይህን ብለው ሄዱ። እኔ ተነስቼ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ደረቴ ግን አየር ፈለገ።

ከፋሲካ በኋላ በገበያ ቀን ጅጋ ሄድኩ። ጋሼ "ካገኘሻት ቁልፉ ተቀምጦልሻል በያት" ብለውኛል። ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። ከመንገዱ ዳር፣ ከወንድሟ ቤት ደጃፍ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በጆንያ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች። "ኧረ እትዬ! በደኅና መጡ? ይቀመጡ።" መቀመጫ ድንጋዩ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ለቀቀችልኝ።

ገና አፌን ሳልከፍት የወንድሟ ሚስት ከውስጥ ጮኸች። "ያቺ ጾም የማታውቀዋ! እንግዳ መጣ ብለሽ ደግሞ ዳቦዬን እንዳታወጪ!" የጅጋዋ እንዳልሰማች ሆና ሽንኩርቱን አስተካከለች። ከዚህ ቤት በራሴ ልደር ብላ የወጣችው ለዚህ ነበር። ወደዚህ ቤት የመለስኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

"ይቅር በይኝ" አልኳት። አለቀስኩ፤ በርበሬ ሳይኖር።

"ምንም አይደል እትዬ። አላወቁም እኮ።"

"ጋሼ ቁልፉ ተቀምጦልሻል ብለዋል። ነይ፣ አብረን እንሂድ። ማንም ምንም አይልሽም።"

"እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ግን ነገ ሌላ ሴት ትገባለች፤ ለምን እሷ ትላለች። እንደገና ላስረዳ?" አለችኝ። ድምጿ ቁጣ የለበትም። ያቺ ሌላ ሴት እኔ እንደነበርኩ ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ ገበሬ ቲማቲም ገዝቶ ሄደ። ከዚያ ትልልቅ ዓይኗን ወደ እኔ አነሳችና "እትዬ፣ ያ የበሩ ሥር ቦታዎ ተመለሰልዎ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ።

"እሰይ" አለች። "ለሳልዎ ይሻላል። ያን ጊዜ ጥጉ ውስጥ ሲያስልዎ አንጀቴን ይበላው ነበር።"

ምን ፈልጋ ነው እንዲህ የምትለኝ ብዬ፣ ከልማዴ፣ ፊቷን ደጋግሜ አየሁት። ምንም አልፈለገችም።